ዋንጫው ለሻሺ፣ ጭብጨባው ለጋባር

ወደ ቋራ፣ ወደ እኛ ገለጉ ፊልም የገባው በአዲስ አበባ በኩል አይደለም፤ በሱዳን በኩል ነው። ስኳሩ፣ ሽቶው፣ የሴቶቹ ቶብ ከገላባት ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ የቪዲዮ ካሴቱም አብሮ ይደርሳል። ከዚያ በገንዳ ውኃ አድርጎ በጭነት መኪና ላይ ከጆንያና ከሰው ጋር ተጨናንቆ ወደ ቋራ ይወርዳል። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ከሆነ አዲስ ካሴት የለም፤ ያለውን ደጋግሞ ማየት ነው። የእኛ አገር ልጅ ብዙ ፊልም ሳያይ ያየውን ግን ከነእስትንፋሱ በቃሉ የያዘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ፊልሞቹ የህንድ ነበሩ። የአረብኛ ጽሑፍ በግርጌያቸው ይሮጣል። ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲገለበጡ ቀለማቸው ከመደብዘዙ የተነሳ ተዋንያኑ ሁሉ ወባ የያዛቸው ይመስሉ ነበር። የምናገረው ስለ 1980ዎቹ መጨረሻና ስለ 1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ቪዲዮ ቤቱ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር ነው፤ ውስጡ ሸራ ተወጥሮበታል። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል። የፊልሙን ድምፅ ስለሚውጠው የሚሰማ ሰው የለም፤ ቢሰማስ ህንድኛ ማን ያውቃል?

በመኸር ጊዜ ቤቱን የሚሞላው ሳሉጉ ነው። ከደጋው ጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን። ቀን በዚያ ፀሐይ አጎንብሶ ይውላል፤ ሌሊት ሜዳ ላይ ለትንኝና ለካላዛሯ ዝንብ ተሰጥቶ ያድራል። ገበያ በወጣ ቀን ታዲያ ከደመወዙ ጥቂት ሳንቲም ቆርሶ ጣውላው ላይ ይቀመጣል። ፊልም በማየት ረገድ ከሳሉግ የጠነከረ ዳኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። የከፈለበትን ያውቃል። ተዋናዩ ካላሳመነው በግልጽ ይሳደባል፤ ካሳመነው ደግሞ ለማልቀስ ማንንም አያፍርም።

አስተርጓሚም ነበረን። ገዳሪፍ በእርሻ ሥራ ዘመኑን ፈጅቶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለው ነበር። ዱላውን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና አረብኛውን እያነበበ ወደ ጎንደሬ አማርኛ ያወርደዋል። እናቲቱን ሲሆን ድምፁ ይሰበራል፤ ፖሊሱን ሲሆን የወረዳ ሹም ይሆናል። ጽሑፉ አንድ አጭር መስመር ሆኖ እሱ ግን ረዘም ያለ ንግግር የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። አንዱ ተጠራጥሮ፣

«ጋሼ፣ ይኸን ሁሉ ብሏል?» ሲለው፣

«ዓይኑን አታየውም እንዴ? አፉ ያለውንማ ጽሑፉ ነግሮሃል፤ እኔ የምነግርህ ዓይኑ ያለውን ነው» ይላል።

ስለ ትወና የሰማሁት የመጀመሪያው ትምህርት ይኸ ነው። ኋላ ጎንደር ገብቼ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ብዙም የጨመሩልኝ የለም።

ከካሴቶቹ ሁሉ የነገሠው «ሾሌ» ነበር። ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀው፣ ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር የጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ፊልም ነው። አሚታብ ባችቻንና ዳርሜንድራ ሁለት ወሮበሎች ሆነው፣ እጆቹ የተቆረጡ አንድ ሹም ለበቀል ይቀጥራቸዋል። የሚበቀሉት ጋባር ሲንግ የሚባለውን ሽፍታ ነው። ጋባርን የተጫወተው አምጃድ ካን ይባላል፤ በዚያን ጊዜ ስሙ እዚህ ግባ የማይባል ወጣት ነበር። ድንጋዩ ላይ እየተንጎራደደ ቀበቶውን ሲጎትት፣ ትምባሆውን መዳፉ ላይ አሽቶ ወደ አፉ ሲወረውር፣ ተሸንፈው የመጡትን ሰዎቹን አሳስቆ፣ አብሯቸው ስቆ፣ ሳቁ ሳያልቅ ሲገድላቸው ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም። ጄኔሬተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

ልብ በሉ፣ ይኸ የሚታየው ቋራ ውስጥ ነው። ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብሎ ከመንገሡ በፊት የሸፈተው በዚሁ ቆላ ነው፤ ከእሱ በኋላም ጫካው ሽፍታ አጥቶ አያውቅም። ተመልካቹ ስለ ሽፍታ የሚያስተምረው አያስፈልገውም። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፊልሙን ስንተኛ ጊዜ እንዳዩት እሳቸውም አያውቁም። አሚታብን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ «ይኸ መልከ መልካም የማን ልጅ ነው?» እያሉ ያልፉታል። ጋባር ሲመጣ ግን ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ያወርዳሉ። «ይኸ ሰው ሸፍቶ ያውቃል» ይሉ ነበር። «ሽፍታ አይጮኽም። ሽፍታ የሚያስፈራው ሲጫወት ነው።»

ልጆቹም ፈርደው ነበር። በነጋታው በወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ገመድ የሚጎትት እንጂ እንደ አሚታብ የሚዘፍን አልነበረም።

እንግዲህ የቦምቤዮቹ ዳኞች ምን አሉ? ይኸን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሳውቀውም ለጓደኛዬ ለመንገር መንደር እስክመለስ አላስቻለኝም። ፊልምፌር የሚባለው የህንዶቹ ትልቅ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሰጥ «ሾሌ» በብዙ ዘርፍ ታጭቶ ያሸነፈው በአንዱ ብቻ፣ በፊልም ቅንብር (ኤዲቲንግ) ነው፤ ያም ለአቀናባሪው ለሺንዴ ሄደ። አምጃድ ካን በረዳት ተዋናይነት ታጭቶ ነበር። ሽልማቱን የወሰደው ሻሺ ካፑር ነው፣ «ዲዋር» ላይ በተጫወተው ፖሊስ። «ዲዋር» የዚያን ዓመት ምርጥ ፊልምም ተብሏል። ያ የእኛ ጋባር፣ እስከ ቋራ ድረስ ሽማግሌ ጋቢ ያስወለቀው፣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገባ።

የሚገርመው ከነጭራሹ ሚናውን ሳያገኝ ሊቀር መቃረቡ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ዴኒ ዴንዞንግፓ የሚባል ተዋናይ ነበር፤ ለሌላ ፊልም ሥራ አፍጋኒስታን ስለነበረ ሳይሆን ቀረ። አምጃድ ከተቀጠረም በኋላ ድምፁ ለወንበዴ ይቀጥናል ተብሎ ይለወጥ የሚል ሐሳብ እነ ሳሊምና ጃቬድ አንስተው ነበር። ያ ቀጭን ድምፅ ነው እንግዲህ በኋላ በካሴት ለብቻው እየተሸጠ ህንድን ያጥለቀለቀው። እኛ ዘንድ ድምፁ በጄኔሬተር ተውጦ ነበር፤ ጋባርን በጋሼ ጉሮሮ ነው የሰማነው። ያም ሆኖ አልጎደለብንም። ለአምጃድ ካን ዓይን ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚገኝ አይመስለኝም።

ዛሬ በሰሊጥ ንግድ የሚተዳደረው የልጅነት ጓደኛዬ በዚህ ነገር ፈጽሞ አይስማማኝም። «ሻሺ ይገባዋል» ይላል። «ወንድሙን ለሕግ አሳልፎ መስጠት ይቀላል? ጋባር ምን አለበት፤ መግደል ነው፣ መሳቅ ነው። አንተ ዱሮም ወንበዴ ትወዳለህ።» ሐሳቡን አልንቀውም። ሻሺ «ዲዋር» ላይ የሠራው ከባድ ነገር ነው፤ ከአሚታብ አጠገብ ቆሞ አለመጥፋት በራሱ ሙያ ነው። ግን እዚያው «ዲዋር» ላይ የአሚታብስ ነገር? ጥቁርና ነጭ ሥራ ሳይለይ እናቱን ለማኖር ሲል የጠፋውን፣ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ቆሞ ከአምላክ ጋር የሚሟገተውን ቪጄይን ተጫውቶ ዋናውን የተዋናይነት ሽልማት አላገኘም። ያገኘው ሳንጂቭ ኩማር ነው፣ «አንዲ» በሚለው ፊልም። ሳንጂቭ ኩማር ደግሞ «ሾሌ» ላይ እጅ የሌለው ሹም የሆነው ሰው ነው፤ ድንቅ ተዋናይ ነበርና በእሱ አልቀናም። አሚታብ ሽልማቱ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ «አማር አክባር አንቶኒ» በሚል በሳቅና በዘፈን በተሞላ ፊልም ነው። ዳኞች ዘንድ ይኸ የተለመደ ይመስላል፤ በሚገባው ቀን ያልፉታል፣ በኋላ በሌላ ሰበብ ይክሱታል።

«ማዘር ኢንዲያ» የመጣ ጊዜ ግን ሴቶቹም ገቡ። በአዘቦቱ ቪዲዮ ቤት የወንድ ቦታ ነው፤ የዚያን ሰሞን ግን ጋሼ ራሱ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረ «ይኸ የእናንተ ነው» ብሎ ጠራቸው። ፊልሙ ያረጀ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1957። ናርጊስ ራዳ የምትባል ገበሬ ሆና፣ ባሏ እጁን አጥቶ ጥሏት ሄዶ፣ ልጆቿን ይዛ ራሷ ሞፈር ትጎትታለች። ሱኪላላ የሚባል አራጣ አበዳሪ አለ፤ ያበደረውን በወለድ ላይ ወለድ እየደረበ እህሏን ከአውድማ ላይ ያፍሳል። ሰሊጡ ሳይደርስ በነሐሴ ተበድሮ በጥቅምት በነጋዴው ዋጋ የሚያስረክብ ሰው ባለበት አገር ሱኪላላን መተርጎም አያስፈልግም ነበር። ገና መዝገቡን ሲገልጥ ነው ከኋላ እርግማን የሚዘንበው። አንዲት እናት፣ «መዝገቡን አቃጥዪው እንጂ ምን ታዪዋለሽ!» ብለው ሲጮኹ ጋሼ ትርጉሙን ትቶ ሳቀ።

መጨረሻው ላይ ራዳ የገዛ ልጇን በጥይት ትመታለች። ልጁ ከሸፈተ በኋላ የመንደሩን ልጅ፣ የአበዳሪውን ሴት ልጅ ጠልፎ ሊሄድ ሲል ነው። እዚህ ላይ ቪዲዮ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ወንዶቹ «እናት ሆና እንዴት!» አሉ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ዝምታቸው ግን አለመስማማት ነበር። ጠለፋ ምን እንደሆነ ከወንዶቹ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ናርጊስ ከተኮሰች በኋላ ወደ ልጇ ስትሮጥ ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር በየትኛውም ወገን አይገባም፤ ጥፋተኛም አይደለችም፣ ንጹሕም አይደለችም። ጋሼ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልተረጎመም።

ናርጊስ በአገሯ ተሸልማለች፤ ፊልምፌርም ሰጥቷታል፣ ቼኮዝሎቫኪያ ካርሎቪ ቫሪ ላይም ምርጥ ተዋናይት ተብላለች። የአሜሪካኖቹ ኦስካር ግን ሌላ ታሪክ አለው። «ማዘር ኢንዲያ» እ.ኤ.አ. በ1958 በውጭ አገር ፊልም ዘርፍ ታጭቶ በፌሊኒ «የካቢሪያ ሌሊቶች» ተሸነፈ። የጣሊያኑ ፊልምም በአንዲት ሴት ፊት ላይ የቆመ ነው፤ ጁሊዬታ ማሲና በካን ፌስቲቫል የተሸለመችበት ሥራ ነው። ሁለት ፊልሞች ለአንድ ዋንጫ ተፎካከሩ፤ ሁለቱንም በትከሻቸው የተሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዷም በዚያ ዓመት በምርጥ ተዋናይትነት አልታጨችም። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ተጫውታ ያንን ሽልማት ለመውሰድ የመጀመሪያዋ ሶፊያ ሎረን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ው «ሁለት ሴቶች»። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ የድምፅ አልባው ዘመን ተዋናይት ፋልኮኔቲ ሳትቀር፣ አለፉ።

ከአገር ውስጥ ወደ ገለጉ የሚደርሰው ትወና በሬዲዮ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ጉዱ ካሳ በእኛም ደጃፍ በኩል ያልፍ ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከጠፍር አልጋው በታች ያሉ ይመስለን ነበር። ሬዲዮኑ ሲንኮሻኮሽ ከዛፍ ላይ ሽቦ እያንጠለጠልን ነው የምንሰማው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር፤ ሕዝቡ ያወቀው ግን በድምፁ ነው። ለዚያ ንባብ ምን ዓይነት ዋንጫ ሊሰጠው ይችል ነበር? በየትኛው ዘርፍ? «ጉማ» የተሰኘው የፊልም ሽልማት፣ ስሙን ከሚሼል ፓፓታኪስ ጥንታዊ ፊልም ወስዶ፣ በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር ወጋየሁ ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ዋንጫው ሲመጣ ባለቤቱ የለም፤ የብዙዎቹ የዚያ ትውልድ ተዋንያን ዕጣ ነው።

ወደ ሱዳን ልመለስ። ያ ሁሉ ካሴት ይመጣባት የነበረችው አገር ራሷ ሲኒማዎቿን ያጣች እንደነበረች ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሱሃይብ ጋስሜልባሪ የሠራውን «ስለ ዛፎች ማውራት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ካየሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ተሸልሟል። አራት ያረጁ የፊልም አዘጋጆች፣ እ.ኤ.አ. ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሥራቸው የታገደባቸው፣ ኦምዱርማን ውስጥ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ለአንድ ምሽት እንኳ ለመክፈት ደጅ ይጠናሉ። መብራት ጠፍቶባቸው በጨለማ ተቀምጠው ሳለ አንዱ ሻሽ ራሱ ላይ ጣል ያደርግና የ«ሰንሴት ቡሌቫርድ»ን የመጨረሻ ትዕይንት ይጫወታል። ኖርማ ዴዝሞንድን ይሆናል፤ ዘመኗ ያለፈባትን፣ ካሜራ የመጣላት መስሏት ከደረጃ የምትወርደውን ተዋናይት። ሌሎቹ ካሜራ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ።

ግሎሪያ ስዋንሰን ኖርማን የተጫወተችው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ራሷም የድምፅ አልባው ዘመን ንግሥት ነበረችና ከገዛ ታሪኳ ጋር ነው የተጋፈጠችው። ኦስካሩ ግን ለጁዲ ሆሊዴይ ተሰጠ። በዚያው ምሽት ቤቲ ዴቪስም «ኦል አባውት ኢቭ»ን ይዛ ተሸንፋለች። ስለ ጁዲ ሆሊዴይ ክፉ አልናገርም፤ የሚያስቅ ሥራ ከሚያስለቅሰው አይቀልም። ነገር ግን ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ መብራት በሌለበት ካርቱም አዛውንት ወንዶች ሻሽ አስረው የሚጫወቱት የስዋንሰንን ነው። እነዚያ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ ሳስብ ይጨንቀኛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በገላባት በኩል የሚመጣው ካሴት አይደለም፤ ሰው ነው። ኩመር ላይ በድንኳን ተቀምጠው የነበሩትን ሱዳናውያን መተማ ሄጄ አይቻለሁ። ልጅ ሳለን በእናንተ በኩል የመጣ ፊልም አይተን ነው ያደግነው፣ ብላቸው ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ።

ስለ ኃይሌ ገሪማ የሰማሁት ጎንደር ተማሪ ሆኜ ነው። እሱም የጎንደር ልጅ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ናቸው፤ ተውኔት እያዘጋጁ ገጠር ለገጠር ያሳዩ ነበር። ኃይሌ አሜሪካ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ዘውዱ ሊወድቅ በሚንገዳገድበት እ.ኤ.አ. በ1974ቱ ክረምት አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረፀ። በጥቁርና ነጭ፣ በጥቂት ሳምንት፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች። ገበሬው ገበሬ ነው፤ በሬው በሬ ነው። እዚያ ውስጥ ከበበ የሚባል አለ፤ ጣሊያንን ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እብድ የሚለው፣ ገብሩ ካሳ የተጫወተው። እብድን መጫወት ለተዋናይ ወጥመድ ነው፤ አብዛኛው ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ ፀጉሩን ይነጫል። ገብሩ ካሳ ግን ሙግቱን እንደ ጤነኛ ያቀርባል፤ እብደቱ ያለው ማንም አለመስማቱ ላይ ነው። በዘመኑ አንድ ተዋናይ እንዲህ ሳይቆረጥ ረዥም ጊዜ ሲናገር ያየሁበት ሌላ ፊልም ያለ አይመስለኝም።

የባለ መሬቱን ከብት ከጎርፍ ለማዳን ገብታ የምትሰጥም አንዲት ልጅም አለች። ያን ስመለከት አንድ ፊት ታወሰኝ። በእኛ ወንዝ በሐምሌ ልጅ መወሰድ ዜና አይደለም፤ የሚወሰዱትም ሁልጊዜ የሰው ከብት የሚጠብቁት ናቸው። ልጅቱ ስትሮጥ የሚታየው ችኮላ የልምምድ አይደለም፤ ዱላ የፈራች ልጅ ችኮላ ነው። እነዚህን ሰዎች በስማቸው ጠርቶ የሸለመ አካል የለም። ፊልሙን የማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ድርጅት ቦሎኛ ላይ አድሶታል። የታደሰው ፊልሙ ነው፤ ገብሩ ካሳን ግን ዛሬም ጎንደር ላይ «ማነው?» የሚልህ ይበዛል።

የኃይሌ «ሳንኮፋ»ም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ላይ ተወዳደረ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፍቶ ኃይሌ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ። አሌክሳንድራ ዱዋ የምትባል የጋና ተዋናይት ኑኑን ሆና ተጫውታለች፤ ባሪያ ሆና እንኳ አንገቷን ያልደፋች፣ ከግፍ የወለደችው ልጇ የሚገድላት እናት። ፊልሙ ራሱ በሩ ላይ ሲቆም ተዋናይቷ ከየት ትታይ? ኃይሌን የኦስካር ሰዎች ያስታወሱት እ.ኤ.አ. በ2021 ሙዚየማቸውን ሲከፍቱ ነው፤ «ቫንቴጅ» የተባለ የክብር ሽልማት ሰጡት። ከ«ምርት» በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው።

በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የኃይሌ «ጤዛ» ልዩ የዳኞች ሽልማትና የድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። በትወና ግን ቬኒስ ለጣሊያኑ ሲልቪዮ ኦርላንዶና ለፈረንሳዊቷ ዶሚኒክ ብላን ነው የሰጠችው። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ የተቆጨው ለሚኪ ሩርክ ነበር፤ የሱ ፊልም የወርቅ አንበሳውን ስለወሰደ ደንቡ ለተዋናዩ መስጠትን ከለከለ፣ የዳኞቹ ሰብሳቢ ዊም ቬንደርስም በዚህ በይፋ አዘነ። ስለ አሮን አረፈ ያዘነ አልሰማሁም። እግሩን አጥቶ፣ የራሱን ታሪክ ረስቶ ጣና ዳር ወዳለ መንደሩ የሚመለሰውን አንበርብርን የተጫወተው እሱ ነው። የካርቴጅ የፊልም ፌስቲቫል ለአብዬ ተድላ የረዳት ተዋናይነት ሽልማት ሰጥቶ ትንሽ ካሰ። እናቱን የተጫወተችው ታከለች በየነ ግን በየትኛውም ቬኒስ አልተጠራችም። እኔ ብጠየቅ ከፊልሙ ሁሉ የምመርጠው የእሷን ነው። ብዙ አትናገርም። ልጇ የሚያስበውን ለመስማት የምታደርገው ጥረት ነው ትወናዋ፤ የሚያዳምጥ ሰው መጫወትን የመሰለ ከባድ ነገር የለም፣ ዳኛ ዓይን ውስጥ የማይገባም እሱ ነው።

ባለፈው ገለጉ ስወርድ «ጤዛ»ን በስልኬ ይዤ ነበር። አክስቴ፣ እትዬ እንላታለን፣ ያ የ«ማዘር ኢንዲያ» ሰሞን ቪዲዮ ቤት ከገቡት ሴቶች አንዷ ናት። ቡናውን እያቀረበች፣ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ከጎኔ ተቀመጠች። አንበርብርን ትኩር ብላ አይታ ምንም አላለችም። እናትየዋ ስትመጣ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ይቺ የማን አገር ሰው ናት?»

«ተዋናይት ናት፣ እትዬ።»

«ውሸትህን ነው!» አለችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «ይቺማ ልጇ ነው። አታያትም? ይኸው፣ ሲናገር አፏ አብሮ ይንቀሳቀሳል።»

አላየሁትም ነበር። ብዙ ጊዜ ባየሁት ፊልም ላይ። ወደ ኋላ መልሼ አየሁትና እሷ እንዳለችው ነበር፤ ወይም እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ማየት አልቻልኩም። ሽልማት እንዳላገኘች ነገርኳት፣ ስለ ቬኒስ፣ ስለ ወርቅ አንበሳው፣ ስለ ኦስካሩ። እትዬ ሁሉን በትዕግሥት ሰምታ ሲኒውን ሞላች።

«ተከፍሏታል?» አለች።